ሞተር ለክረምት ስታስቀምጡ የቤንዚን መስመሩን እንዲህ አጽዱት

መስከረም ሲጠባ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ወንድሜ፣ ሰኔ ላይ ሳስቀምጠው ደህና ነበር። አሁን ገመዱን ብስብ ብስብ አልነሳ አለኝ። ካንዴላም ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። ምን ይሻለኛል?» ጠያቂው አንዳንዴ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነው። አንዳንዴ ፎገራ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያስነሳ ባለ ሱቅም አለ። ሞተሩ ይለያያል እንጂ በሽታው ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ተረስቶ የከረመ አንድ ሁለት ማንኪያ ቤንዚን።

ዝናቡም ሐይቁም እዚህ ላይ ጥፋት የለባቸውም። ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁ ካርብሬተሩን ከረሳችሁት ግን ምንም እንዳልሠራችሁ ቁጠሩት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በካርብሬተር ለሚሠራ የጀልባ ሞተር፣ ለውሃ መሳቢያ ፓምፕና ለጀነሬተር ያገለግላል። ናፍጣና ኢንጀክሽን ያላቸው (ያለ ካርብሬተር ቤንዚን የሚረጩ) ለብቻቸው ስለሆኑ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

የሚበላሽበት ምክንያት

ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከመካከላቸው ቀላሎቹ ቀድመው ይተናሉ። ሞተር በጠዋት ብርድ ቶሎ የሚነሳው ደግሞ በእነዚሁ በቀላሎቹ ነው። እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ክፍል ከአየር ጋር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ሙጫ ሆኖ ይደርቃል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ94 ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም ከቆላው ይልቅ እዚህ መትነን ይቀለዋል። ካርብሬተር ደግሞ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስላለው በውስጡ ያለው ቤንዚን እንደተከፈተ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው በደንብ በተከደነ ጀሪካን ወራት የሚቆየው ቤንዚን ካርብሬተር ውስጥ በሳምንታት የሚበላሸው። ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ሞተር) ሲሆን ይብሳል፤ ቤንዚኑ ተንኖ ሲሄድ የተቀላቀለው ዘይት እዚያው ተጣብቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንከር ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ያስገባል። የሐምሌና የነሐሴ አየር ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እርጥበቱ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሠራና ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ የሚተኛው መምጠጫው ቱቦ ባለበት ወለል ላይ ነው። ቤንዚኑ ኤታኖል ካለበት ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሲበዛበት ደግሞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይቀመጣል። ብረት ታንከር ዝገት ያወጣል፣ የካርብሬተሩ አሉሚኒየምና ዚንክ ደግሞ ነጭ ዱቄት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለነዳጅ ብቻ የሚውል፣ ጥሩ ክዳን ያለው ጀሪካን
- ወገቡ ተቆርጦ ሲገለበጥ ቤንዚን ማፍሰሻ የሚሆን የሃይላንድ ጠርሙስ
- አፈ ሰፊ ብርጭቆ፤ ያለቀ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል
- ካቻቢቴ (ጠፍጣፋና ባለ መስቀል)፣ ፒንሳ፣ 8፣ 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ መፍቻ
- ብናኝ የማይተው ንጹሕ ጨርቅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ
- አዲስ የቤንዚን ፊልተሮና ሁለት ሦስት ፋሼታ
- ከአሳ መረብ የተረፈ ቀጭን የናይለን ክር (ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ)
- ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት
- ለጀልባ ሞተር ውሃ የሚይዝ በርሜል
- የጎማ ጓንት፣ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ

የካርብሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ ትኩስ ቤንዚንና ትዕግሥት ይተካዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እናንተ ግቢው ጥግ ላይ ስታፈሱ ትነቱ ተንሸራትቶ ከሰል ምድጃ ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ቡና የሚፈላበት፣ ሻማ የበራበት፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ አጠገብ አይሆንም። ጀነሬተሩ ሲሠራ ቆይቶ ከሆነም በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉበት። ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። አሸዋው የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ቤንዚን በአፍ ስባችሁ በቱቦ አታውርዱ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል። ትንሽ ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባች ሳንባን ታቆስላለች። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ያፈሰሳችሁትን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን ቀለም ስላለው ልጅ ለስላሳ መጠጥ ሊመስለው ይችላል። ሐይቁ ላይም ሆነ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትድፉ። ከዚያው ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ።

ጀሪካን ስትሞሉ መሬት ላይ አስቀምጡት። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ላይ እንደተጫነ ከተሞላ በፕላስቲኩ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። አፉ ድረስም አትሙሉት፤ ቤንዚን ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል።

አሠራሩ

1. ታንከሩን ቀድማችሁ አጉድሉ።

ሥራ የምታቆሙበትን ጊዜ በግምትም ቢሆን ታውቁታላችሁ። ፓምፕ ዝናቡ ሲገባ ያርፋል። የጎብኚ ጀልባም በክረምት ሥራው ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ታንከር አትሙሉ፤ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ጨምሩ። ሰልፍ ተሰልፎ የተገኘ ቤንዚን ኋላ ማፍሰስ ያሳዝናል። ቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

2. የቀረውን በብርጭቆ አይታችሁ ፍረዱ።

ከታንከሩ ወለል ጥቂት ቤንዚን ወደ ብርጭቆው ቅዱና ለአሥር ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡት። ውሃ ካለበት ታች እንደ ዶቃ ሲንከባለል ታዩታላችሁ። ቀለሙ ከትኩሱ ጠቆር ብሎ ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ አርጅቷል።

ኤታኖል እንዳለበት ማወቅ ከፈለጋችሁም ቀላል ነው። ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን አምጡ። ብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ውሃ አድርጉና የውሃው ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። በላዩ ቤንዚን ጨምራችሁ ክደኑት፣ ናጡት፣ ከዚያ አስቀምጡት። ሲረጋ የውሃው ክፍል ከምልክቱ በላይ ከሆነ ኤታኖል አለበት። እንዲህ ያለውን ከቀን ወደ ቀን አታቆዩት።

ከመንገድ ዳር በጠርሙስ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባታማ ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህም የሚሠራው ዘይት ሳይቀላቀልበት ነው።

3. ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁ እጠቡት።

የጀልባ ታንከር ከሆነ ቱቦውን ነቅላችሁ ወደ ጀሪካኑ ገልብጡት። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ትኩስ ቤንዚን ጨምሩበት፣ ናጡት፣ አፍስሱት። ጭቃና ዝገት መውጣት እስኪያቆም ድገሙት። መምጠጫው ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አትርሱ። የጀነሬተርና የፓምፕ ታንከር አፉ ላይም ወንፊት አለ፤ አውጥታችሁ አራግፉት።

ለአራተኛው ሥራ የሚበቃ ጥቂት ቤንዚን (ለቱ ስትሮክ ዘይት የተቀላቀለበት) መልሱበት፤ ያ ሲያበቃ የቀረውን አፍስሱት። ከዚያ ፕላስቲክ ታንከር ደርቆ፣ ተከድኖ ይቀመጥ። ብረት ከሆነ ውስጡን ጥቂት ዘይት አድርጋችሁ አገላብጡትና ግድግዳውን ቀቡት። ባዶ ብረት ታንከር ያለ ዘይት ክረምቱን ከቆየ በጥቅምት የሚወጣው ዝገት ፊልተሮውን ይዘጋዋል።

4. ሞተሩን አስነሱና የቤንዚን መስመሩን ነቅላችሁ እስኪጠፋ ተዉት።

የጀልባ ሞተር ያለ ውሃ ለሰከንዶችም አይነሳም። ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ ደርቆ ይቃጠላል። በርሜል ሙሉና ሞተሩን አስገቡት፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት በውሃ መሸፈን አለበት። ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። ውሃ መሳቢያው ቀዳዳ ላይ የእንቦጭ ሥር ተጠምጥሞ እንደሆነ ቀድማችሁ አስወግዱ። ሞተሩ ሲነሳ በኋላ በኩል ውሃ የሚተፋበትን ቀዳዳ እዩ። ካልተፋ ወዲያው አጥፉ።

ውሃ ከተፋ ለጥቂት ደቂቃ በዝቅተኛ ፍጥነት አሙቁትና ቱቦውን ከሞተሩ ንቀሉ። ፍጥነት አትጨምሩ። በተለይ ቱ ስትሮክ ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚመጣው ዘይት ነው፤ ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ዘይቱም ያልቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ከሆነ አይጎዳም። መንተፋተፍ ሲጀምር ተዉት፣ ራሱ ይጠፋል።

ጀነሬተር ከሆነ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግታችሁ እስኪጠፋ አስኪዱት። የውሃ ፓምፕ ከሆነ ግን አካሉ ውስጥ ውሃ መኖሩን ሳታረጋግጡ አታስነሱት። ሞተሩ በአየር ቢቀዘቅዝም የፓምፑ ማኅተም በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው።

5. ካርብሬተሩን ከሥሩ አፍስሱ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። «እስኪጠፋ አስኪጄዋለሁ፣ አልቋል» ይላል። አላለቀም። ሞተር የሚጠፋው የካርብሬተሩ ኩባያ (ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ሲደርቅ ሳይሆን ቤንዚኑ ከመምጠጫው ቀዳዳ ዝቅ ሲል ነው። ከዚያ በታች የቀረችው ነገር ናት ሙጫ የምትሆነው። ውሃና ቆሻሻ ካለም የተኛው እዚያው ነው።

መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። የጀልባ ሞተር ከሆነ የማጥፊያውን ቀይ ገመድም አውጡ። ከዚያ ብርጭቆውን ከካርብሬተሩ ሥር ያዙ። በጀልባ ሞተር ላይ ከኩባያው ታች ወይም ጎን በካቻቢቴ የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለች። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ካርብሬተር ስላለው ሁሉንም አፍስሱ። አንዱን ከረሳችሁ መስከረም ላይ በአንድ እግሩ የሚያነክስ ሞተር ይኖራችኋል።

በጀነሬተርና በፓምፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከኩባያው ሥር ሁለት ቡሎን ታያላችሁ። መሃል ላይ ያለው ኩባያውን የያዘው ነው። በሰያፍ የገባው ማፍሰሻው ነው። የምትፈቱት ሰያፉን ነው። ሙሉ በሙሉ ባታወጡትም ቤንዚኑ በዙሪያው ይፈሳል። አንድ ቡሎን ብቻ ካለ ኩባያውን በጥንቃቄ አውርዱት፤ ጓርኒሲዮኑ እንዳይቀደድ።

የፈሰሰውን እዩት። ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ታች ውሃ ወይም ቡናማ ደለል ካለ ካርብሬተሩን ከመክደናችሁ በፊት ማጽዳት አለባችሁ፤ አጸዳዱ ወደ ኋላ አለ። ብሎኗን መልሳችሁ ስታስሩ በጣት ጀምሩ፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ብቻ። ካርብሬተሩ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ክሩ በቀላሉ ይበላል።

6. ፊልተሮውን ቀይሩ ወይም እጠቡ።

የጀልባ ሞተር ኮፈን ሥር ብዙ ጊዜ ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ ያለው ፊልተሮ አለ። ፍቱት፣ አፍስሱት፣ ወንፊቱን በትኩስ ቤንዚን እጠቡት። በጀነሬተሮች ላይ ከቤንዚን መዝጊያው ሥር ትንሽ ኩባያ ልታገኙ ትችላላችሁ። በ10 ቁጥር ቁልፍ ትፈታለች። ብዙ ባለቤቶች መኖሯንም አያውቁም። ውስጧ ያለው ጭቃ የታንከሩን ሁኔታ ይነግራችኋል። በቱቦው መሃል የሚገባ ፊልተሮ ከሆነ መታጠቡ ዋጋ የለውም፤ በአዲስ ቀይሩት። ፊልተሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመልክት።

7. ቱቦውንና በእጅ የምትጨመቀውን የጎማ ፖምፓ ፈትሹ።

ቱቦው ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ወደ ጀሪካኑ አፍስሱ። ፖምፓዋን ጥቂት ጊዜ ጨምቃችሁ አየር ብቻ እስኪወጣ ጠብቁ። ከዚያ ቱቦውን አጥፋችሁ እዩ። ስንጥቅ ካለ፣ ከደረቀ ወይም ሲነካ ጥቁር የሚለቅ ከሆነ ይቀየር። የሚለቀው ጥቁር ብናኝ ውሎ አድሮ ካርብሬተር ውስጥ ነው የሚገባው። ቱቦውን ከሞተሩም ከታንከሩም ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልላችሁ ስቀሉት። መሬት ላይ ከተዋችሁት አይጥ ትበላዋለች።

8. ሲሊንደሩን ዘይት አጠጡ።

ይህ የቤንዚን መስመር ሥራ ባይሆንም የካንዴላው ገመድ እንደተነቀለ ጨርሱት። ካንዴላውን አውጡ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ንጹሕ ዘይት ጨምሩ፣ የማስነሻ ገመዱን ሁለት ሦስቴ በዝግታ ሳቡ። ካንዴላውን መልሱት። የካንዴላው ገመድ ግን እንደተነቀለ ይቆይ።

9. አቁሙት፣ ሸፍኑት።

የጀልባ ሞተር ቆሞ ነው የሚከርመው። በእንጨት የተሠራ መቆሚያ ላይ እሰሩት። ማስተኛት ግድ ከሆነ መመሪያው በሚያሳየው ጎን ብቻ ይሁን፤ ላይኛው ክፍል ከታችኛው ዝቅ አይበል። አለዚያ የቀረው ውሃ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሸራ አልብሱት እንጂ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት። ፕላስቲክ እርጥበት ያፍናል። አየር መሳቢያውን በጨርቅ ወትፉት፤ ሸረሪትና ተርብ እዚያ ቤት መሥራት ይወዳሉ።

10. ጻፉበት።

ፕላስተር ለጥፋችሁ «ቤንዚን የለም፣ ካርብሬተር ፈስሷል፣ አየር መሳቢያው ላይ ጨርቅ አለ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ልጅ ወይም ጎረቤት መጥቶ ቤንዚን ሞልቶ ሊሞክረው ይችላል። ጨርቁ ሳይወጣ የተነሳ ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ማፍሰስ የማይመቻቸው

ጀነሬተሩ ለመጠባበቂያ ስለሆነ ማድረቅ የማይመቸው አለ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅማ። ለእነዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ትኩስ ቤንዚን ላይ የቤንዚን ማቆያ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፣ ታንከሩን ሙሉ፣ ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል አስኪዱ። አሥር ደቂቃው መድኃኒቱ ካርብሬተሩ ድረስ እንዲደርስ ነው። መድኃኒቱ ያረጀ ቤንዚንን አያድስም፤ ትኩሱን ያቆያል እንጂ። መድኃኒቱን ካላገኛችሁ መዝጊያውን ዘግታችሁ ካርብሬተሩን ብቻ አፍስሱ፣ የታንከሩን ቤንዚን ደግሞ በየወሩ እየተጠቀማችሁ በአዲስ ተኩ።

ናፍጣ ተቃራኒ ነው። የናፍጣ ፓምፕ ታንከር ባዶ አይቀመጥም፤ ሙሉ ነው የሚከርመው። መስመሩን ካደረቃችሁት አየር ገብቶ ማስወጣቱ ያስቸግራችኋል። ከታች ያለውን ውሃ ብቻ አፍስሱ። በናፍጣና በውሃ መሃል ረቂቅ ተሕዋስያን ያድጋሉ። ፊልተሮ ላይ የሚታየው ጥቁር ልግልግ ነገር የእነሱ ነው።

ኢንጀክሽን ያለው ፎር ስትሮክ የጀልባ ሞተርም ቤንዚን ጨርሶ እንዲጠፋ አይደረግም። የቤንዚን ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በራሱ በቤንዚኑ ነው። ማፍሰሻው የት እንዳለ የሞተሩ መመሪያ ላይ እዩ።

አዘውትሬ የማያቸው ስህተቶች

«በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ አስነሳዋለሁ፣ ይበቃዋል።» አይበቃውም። ሁለት ደቂቃ ሞተሩን አያሞቀውም፤ ውስጡ እርጥበት ትቶ ይጠፋል። ካርብሬተሩም እንደገና በቤንዚን ይሞላል።

«መዝጊያውን ዘግቼዋለሁ።» ከመዝጊያው በታች ያለው ቤንዚን ግን እዚያው ነው።

«ላምባ ጨመርኩበት፣ ያጥበዋል።» ላምባ የደረቀ ሙጫ አያነሳም። ሞተሩን ያጨሰዋል፣ ማስነሳቱንም ያከብደዋል።

«የመኪና ዘይት ቀላቀልኩ፣ ያው ዘይት አይደል?» አይደለም። የመኪና ዘይት ከቤንዚን ጋር እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ካንዴላው ላይ አመድ ይተዋል። በውሃ ለሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ የጀልባ ሞተር ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ልኩም እንደ ሞተሩ ይለያያል። 50 ለ1 ማለት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 100 ለ1 ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር። በዓይን ግምት አይሆንም፤ የመድኃኒት ሲሪንጅ ገዝታችሁ ለኩ።

የተፈሰሰው ቤንዚን ምን ይሁን? ጥርት ያለና ዘይት የሌለበት ከሆነ አንድ እጁን ከአራት እጅ ትኩስ ጋር ቀላቅላችሁ ቶሎ ተጠቀሙበት። ዘይት ያለበት ወደ ቱ ስትሮክ ሞተር ብቻ ይመለስ፤ ፎር ስትሮክ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። የጠቆረና የሸተተ ከሆነ ለጋራዥ ስጡት፣ ዕቃ ያጥቡበታል። ከሰል ማቀጣጠያ አታድርጉት።

ክረምቱ ሲያልፍ

ጨርቁን ከአየር መሳቢያው አውጡ። ማፍሰሻዎቹ መታሰራቸውን እዩ። ትኩስ ቤንዚን ጨምሩ። በጀልባ ታንከር ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ክፈቱ። እሷ ከተዘጋች ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ካርብሬተር ነው ብሎ ይደክማል። ፖምፓዋን እስክትጠነክር ጨምቁ። ጠንክራ ከቆየች መስመሩ ደህና ነው። እየጨመቃችሁ ካልጠነከረች አየር የሚስብ ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። ከካርብሬተሩ ቤንዚን ከተንጠባጠበ ተንሳፋፊው (ኩባያው ሲሞላ ቤንዚኑን የሚያዘጋው) ተጣብቋል። የካንዴላውን ገመድ ሳትመልሱ በፊት ይህን ሁሉ እዩ። ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ የሲሊንደሩ ዘይት ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ካርብሬተሩ አስቀድሞ ከተደፈነ

ሳያፈስሱ ያስቀመጡና አሁን የተቸገሩ እዚህ ይጀምሩ። ሞተሩ በቾክ (ለማስነሻ አየሩን በሚዘጋው) ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ የተደፈነችው ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ፍጥነት ቤንዚን የምታሳልፈው ጠባቧ ቀዳዳ ናት። ከሁሉ ቀድማ የምትዘጋው እሷ ናት፣ ጠባብ ስለሆነች።

ቤንዚኑን ዝጉ፣ ካርብሬተሩን አውርዱ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ስፕሪንጎቹ የገቡበትን ቀዳዳ ኋላ አታስታውሱትም። ኩባያውን ፍቱ። የተንሳፋፊውን ቀጭን ዘንግ ገፍታችሁ አውጡ፣ መርፌዋም አብራ ትወጣለች። መሃል ላይ ያለችውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን በልኳ ካቻቢቴ ፍቱ። ካቻቢቴው ከጠበበ የብሎኗን አናት ትበሉታላችሁ፣ ከዚያ መውጫ የላትም። የዝቅተኛ ፍጥነት ማስተካከያዋን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ እስክትነካ ድረስ በቀስታ ወደ ውስጥ አዙሩና ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። ስትመልሷት በዚያው ልክ ታወጧታላችሁ።

የነሐሷን ብሎን ወደ ሰማይ አንሥታችሁ በቀዳዳዋ እዩ። ንጹሕ ከሆነች ጥርት ያለ ክብ ብርሃን ይታያል። ክቡ ከተጣመመ ወይም ከደበዘዘ ሙጫ አለ። ጎንና ጎኗ ላይ ያሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎችም ካሉ አንድ በአንድ ይታዩ። በስፕሬይ ወይም በትኩስ ቤንዚን ነክራችሁ አቆዩአት፣ ከዚያ የናይለኑን ክር አስገብታችሁ መልሱ። ሽቦና መርፌ አይገባም። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከሰፋ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ያጨሳል፣ መፍትሔውም አዲስ መግዛት ብቻ ነው። ጎማና ጓርኒሲዮን ግን ስፕሬይ ውስጥ አይነከሩ፣ ያብጣሉ።

የካርብሬተሩን አካል በጥርስ ብሩሽ እጠቡና በየቀዳዳው ስፕሬይ ንፉ። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው በሌላው በኩል ነው የሚወጣው። የሚወጣውም መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያችኋል። ጎማ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ጥሩ ይረዳል፤ ትንንሾቹን ዕቃዎች ግን ቀድማችሁ አውጡ፣ አለዚያ መንገድ ላይ ትፈልጓቸዋላችሁ። ነጭ ዱቄት የበላው ካርብሬተር ታጥቦ ሥራ ካልጀመረ ቀዳዳዎቹ ውስጥም ገብቷል ማለት ነውና ይቀየር። ስትገጥሙ የተንሳፋፊዋን መርፌ ጫፍ በጣት ዳስሱ። ክብ ጎድጓዳ መሥመር ከተሰማችሁ አልቃለች፣ አዲስ አስገቡ።